ዑመር ኸያም፦ ቀንን በሐቅ የቆጠረ ሊቅ



በባሌ ምድር ዑመር የሚለው ስም ሲነሳ የብዙው ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ወይብ ወንዝ ዐለቱን ሰንጥቆ ወደሚያልፍበት ስፍራ ነው። እኔ ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ሌላውን ዑመር ነው። ይኸውም የዛሬ 900 ዓመት ገደማ በኒሻፑር ከተማ የሞተው ጊያሡዲን አቡል ፈትሕ ዑመር ኢብኑ ኢብራሂም ነው። ዓለም ዑመር ኸያም እያለ ይጠራዋል።

ስሙን ያልሰማ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚያውቀው በግጥሙ፣ ያውም ወይን ጠጅ በሚያወድሰው ግጥሙ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ ሩባዒያት የተባሉትን አራት አራት ስንኞች በ1859 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ካሳተማቸው በኋላ አውሮፓ ዑመርን የጽዋ ሰው አድርጋ ሣለችው፤ እኛም ያንኑ ሥዕል ተቀበልን። ከእነዚያ ግጥሞች ስንቱ የራሱ እንደሆነ፣ ስንቱስ ከሞተ በኋላ በስሙ እንደተለጠፈ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በማያከራክረው ሥራው ግን ማንም አያስታውሰውም። ይህ ሥራው በኢራን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ዛሬም ልደታቸውን፣ ጋብቻቸውንና የደመወዝ ቀናቸውን የሚቆጥሩበት የዘመን አቆጣጠር መሠረት ነው።

እኔ የአጋርፋ ልጅ ነኝ። እንጀራዬም የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት፣ በተለይም መሥሪያ ቤቶች በኢንተርኔት የሚገለገሉባቸውን ቅጾችና መዝገቦች ማዘጋጀት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ ቀን የሚባለው ነገር ሰው እንደሚያስበው ቀላል እንዳልሆነ ተረዳሁ። የዚህን ሰው ሕይወት እንድመረምር ያደረገኝም ይኸው ነው።

ዑመር በ439 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ1048 እ.ኤ.አ. ኹራሳን ውስጥ በኒሻፑር ተወለደ። ኸያም ማለት ድንኳን ሰፊ ማለት ሲሆን፣ የአባቶቹ ሙያ ይህ እንደነበር ከስሙ መገመት ይቻላል። ኒሻፑር በዚያ ዘመን የሐር መንገድ ነጋዴዎች የሚያርፉባት፣ ዑለማእ የሚፈልቁባት ትልቅ ከተማ ነበረች። ዑመር በዚያ ሒሳብን፣ የከዋክብትን ጥናትና ፍልስፍናን ተማረ። እርሱ ከመወለዱ 11 ዓመት ቀደም ብሎ በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተውን ኢብኑ ሲናን በአካል ባያገኘውም በመጻሕፍቱ አማካይነት እንደ መምህሩ ይቆጥረው ነበር።

ዕድሜው ገና ሃያዎቹ ውስጥ ሳለ ወደ ሰመርቀንድ ተሻገረ። በዚያም የከተማይቱ ቃዲ አቡ ጣሂር አስጠጉት፤ ለሥራው የሚሆነውንም ጊዜና ጸጥታ ሰጡት። በ1070 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ አል-ጀብር፣ ማለትም ስለ አልጀብራ የጻፈው መጽሐፍ የዚያ ጊዜ ፍሬ ነው። በዚህ መጽሐፍ ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ሦስት ጊዜ የሚባዛባቸውን ስሌቶች በዓይነት በዓይነታቸው ከፋፍሎ እያንዳንዳቸውን ክበብንና ሌሎች ጠመዝማዛ መስመሮችን በማቆራረጥ ፈታቸው። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በቁጥር ብቻ የሚፈታበትን መንገድ እርሱም ሆነ ባልደረቦቹ እንዳላገኙት በግልጽ ጽፎ፣ ምናልባት ከኋላው የሚመጣ ሰው ያገኘው ይሆናል ሲል ቦታውን ክፍት ተወው። በእርግጥም መንገዱ የተገኘው ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ በኢጣልያ ነው። ዕውቀቱ የደረሰበትን ወሰን የሚያውቅ ሊቅ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

በ1074 እ.ኤ.አ. የሰልጁቁ ሱልጣን መሊክ ሻህና ታላቁ ወዚር ኒዛሙል ሙልክ ወደ ኢስፋሃን ጠሩት። የተጠራበት ምክንያት የግብር ጉዳይ ነበር። ነገሩን ለመረዳት ወደ ባሌ ደጋ መለስ ብለን እንየው።

በአጋርፋ፣ በሮቤና በጎባ ዙሪያ ያለው ገበሬ በዓመት ሁለት የእርሻ ወቅት አለው፤ ገና እና ቦና ይላቸዋል። ስንዴውና ገብሱ የሚበስለው ፀሐይና ዝናብ በፈቀዱለት ጊዜ ነው። ረመዷንና ዐረፋ ግን በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ዛሬ በበጋ፣ ሌላ ጊዜ በክረምት ይውላሉ። ይህ ለዒባዳ እዝነት ነው፤ ጾሙ ሁልጊዜ በአንድ ወቅት ላይ አይከብድም። ለእርሻ ግብር ግን ችግር ያመጣል። 32 የፀሐይ ዓመታት ሲያልፉ 33 የጨረቃ ዓመታት ይሞላሉና፣ ኸራጅ በጨረቃ ዓመት ቢሰበሰብ ገበሬው 32 ጊዜ አጭዶ 33 ጊዜ ይገብራል። የእህል ዘካ የዓመት መሙላትን ሳይጠብቅ በአጨዳ ጊዜ እንዲወጣ መደረጉ ምን ያህል ሚዛናዊ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ የሙስሊም መንግሥታት ለዒባዳቸው የጨረቃን፣ ለግብራቸው የፀሐይን ዓመት ሲጠቀሙ ኖረዋል። ነገር ግን በፋርስ ምድር የነበረው አሮጌ የፀሐይ አቆጣጠር ሁልጊዜ 365 ቀን እየቆጠረ ተጨማሪዋን ሩብ ቀን ይጥላት ነበር። ሩብ ቀን በአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም አትታይም፤ በዘመናት ግን ወራት ትሆናለች። የዓመቱ መጀመሪያ የሆነው ኑውሩዝ ከቦታው እየለቀቀ ግብር ሰብሳቢው እህሉ ገና ሳይበስል ደጅ መቆም ጀመረ። የዐባሲያው ኸሊፋ አል-ሙዕተዲድ በ895 እ.ኤ.አ. ኑውሩዝን ወደ ጁን 11 ገፍቶ ገበሬውን ለማሳረፍ ሞክሮ ነበር። ሆኖም ችግሩ ከሥሩ አልተነቀለም ነበርና ለመሊክ ሻህ ዘመን ደረሰ።

ዑመር ሥራውን የሠራው ብቻውን አይደለም። ታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አሢር ከእርሱ ጋር የአል-ሙዘፈር አል-ኢስፊዛሪንና የመይሙን ኢብኑ አን-ነጂብ አል-ዋሲጢን ስም ያነሳል። የሰማይ መመልከቻ ተሠራላቸው፤ ብዙ ገንዘብም ተመደበላቸው። እነዚህ ሊቃውንት ፀሐይን ዓመት ከዓመት እየተከታተሉ ለኩ። በመጨረሻም ኑውሩዝ ፀሐይ ሐመል ከሚባለው የኮከብ ምድብ መጀመሪያ የምትደርስበት፣ ሌሊትና ቀን የሚተካከሉበት የጸደይ ቀን እንዲሆን ወሰኑ። ኑውሩዝ በዚያን ጊዜ 18 ቀን ቀድሞ ነበርና ያንን ያህል ቀን አስተካክለው አዲሱን ዘመን ማርች 15 ቀን 1079 እ.ኤ.አ. ጀመሩ። ዕለቱ በ471 ዓመተ ሂጅራ በረመዷን ወር ውስጥ ነበር። አቆጣጠሩም ጀላሉ ደውላ በሚለው የሱልጣኑ የማዕረግ ስም ጀላሊ ተባለ።

የዚህ አቆጣጠር ትልቁ ቁም ነገር ሰማይን ለሰንጠረዥ አለማስገዛቱ ነው። ዓመቱ መቼ 366 ቀን እንደሚሆን የሚወስነው ፀሐይ ራሷ ናት። አብዛኛውን ጊዜ በአራት ዓመት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ በአምስት ዓመት አንድ ቀን ይጨመራል። በ33 ዓመት ውስጥ 8 ጊዜ ቢጨመር ዓመቱ በአማካይ 365.2424 ቀን ይሆናል። እውነተኛው የፀሐይ ዓመት 365.2422 ቀን ገደማ ነው። ከ503 ዓመት በኋላ በ1582 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የወጣውና ዛሬ ዓለም የሚሠራበት የጎርጎርዮስ አቆጣጠር 365.2425 ይላል። የኛው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ደግሞ ሁልጊዜ በአራት ዓመት አንድ ጳጉሜን 6 ስለሚጨምር 365.25 ይሆናል፤ በ128 ዓመት የአንድ ቀን ልዩነት ያመጣል ማለት ነው።

በ485 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1092 እ.ኤ.አ. ግን ነገሩ ሁሉ ተናጋ። በረመዷን ኒዛሙል ሙልክ በነፍሰ ገዳይ እጅ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ወር መሊክ ሻህም ሞተ። የሥልጣን ሽኩቻ ተነሳና የሰማይ መመልከቻው ሥራ ቆመ። ዑመር 18 ዓመት የለፋበት ቤት በአንድ ክረምት ተዘጋ። በፍልስፍናው ምክንያት ሰዎች በእምነቱ ላይ ጥርጣሬ አንስተው እንደነበርና ሐጅ አድርጎ እንደተመለሰ አል-ቂፍጢ ጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛውን ዕድሜውን በኒሻፑር አሳለፈ። ኢማም አል-ጘዛሊ ስለ ፈለክ ጉዳይ ሊጠይቁት መጥተው እርሱ መልሱን ሲያብራራ የዝሁር አዛን እስኪደርስ እንደቆየ አል-በይሀቂ ይተርካል። ይህ በይሀቂ በልጅነቱ ዑመርን በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

አሟሟቱንም የተረከልን እርሱ ነው፤ የሰማውም ከዑመር አማች ነው። ዑመር የኢብኑ ሲናን አሽ-ሺፋእ ሲያነብ ስለ አንድነትና ብዛት ከሚናገረው ክፍል ሲደርስ መጽሐፉን ዘጋ፤ ተነሥቶም ሰገደ፤ ኑዛዜውን ተናገረ። ከዚያ በኋላ እህልም ውሃም አልቀመሰም። የዒሻእን ሶላት ሰግዶ በሱጁድ ላይ ሳለ፣ በአቅሙ ልክ አላህን ለማወቅ መጣሩን ጠቅሶ ምሕረት ለመነና ዐረፈ። ጊዜው በ526 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1131 እ.ኤ.አ. ነበር። የጽዋ ሰው ነው የሚሉት ሁሉ ይህንን ታሪክ ቢያነቡ መልካም ነው።

ሰውየው ሞተ፤ ሥራው ግን ኖረ። በ1925 እ.ኤ.አ. የኢራን ፓርላማ በዚያው በጸደይ እኩሌታ መርህ ላይ የቆመውን አቆጣጠር የአገሪቱ ሕጋዊ አቆጣጠር አደረገው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 31 ቀን፣ ቀጣዮቹ አምስቱ 30 ቀን፣ የመጨረሻው 29 ወይም 30 ቀን አላቸው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከሂጅራ ነው፤ ነገር ግን በፀሐይ ነው። ስለዚህ በጨረቃ 1446 ስንል የነበረበት ጊዜ በእነርሱ 1403 እና 1404 ነበር።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንምጣ። የኢራንን ሕዝብ የሚያገለግል ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይህንን ሁሉ ማወቅ አለበት። 1404 የሚለውን ቁጥር አይቶ የጨረቃ ሂጅራ ከመሰለው ሰነዱን ወደ 1983 ወይም 1984 እ.ኤ.አ. ይወስደዋል። የወራቱም ስም እንደ አገሩ ይለያያል፤ ኢራናዊው ፈርወርዲን የሚለውን ወር አፍጋኒስታናዊው ሐመል ይለዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን የዓመቱ መጀመሪያ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ፀሐይ እኩሌታውን ከቀትር በፊት ካለፈች ያው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ካለፈች ማግስቱ ኑውሩዝ ይሆናል። በ2025 እ.ኤ.አ. እኩሌታው የሆነው ማርች 20፣ በቴህራን ሰዓት ከቀትር 31 ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር። ስለዚህ ኑውሩዝ ማርች 21፣ በእኛ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋለ። በአሕመድ ቢራሽክ ስም የሚታወቀውንና በ2820 ዓመት ዑደት የሚሄደውን ቀመር የተከተለ ፕሮግራም ግን ማርች 20ን አዲስ ዓመት ብሎ ያወጣል። በ31 ደቂቃ ምክንያት አንድ ሙሉ ቀን ይሳሳታል። የውል ማብቂያና የባንክ ክፍያ የሚውልበት ቀን ሲሆን ደግሞ አንድ ቀን ትንሽ ነገር አይደለም። ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ዑመርና ባልደረቦቹ ፀሐይን ተመልከቱ ማለታቸው ምን ያህል ትክክል እንደነበር ይህ አንድ ምሳሌ ይበቃል።

አንባቢው ይህ የኢራኖች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን ይመለከተናል ይል ይሆናል። እኛንም ይመለከተናል።  የባሌ ሙስሊም ልጁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስመዘግባል፣ ጾሙንና ዒዱን በሂጅራ ይቆጥራል፣ ለፓስፖርትና ለውጭ ትምህርት ደግሞ ፈረንጅኛውን ይሞላል። ሦስቱንም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖርባቸዋል።

ኢራናዊ እናት ልጇን የወለደችው ኦርዲቤሄሽት በሚባለው ሁለተኛው ወር በ31ኛው ቀን ነው እንበል። በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠራ ቅጽ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ አድርጎ ስለሚያስብ 31 ቀን የለም ብሎ ይመልሳታል። የእኛዋም እናት ጥቅምት 30 ብትል ያው ነው፤ ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ነውና ቅጹ 30 ቀን የለም ይላታል። ጳጉሜን የወለደች ከሆነ ወሩ ራሱ የለም፤ ቅጹ 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው።

ይህንን በሮቤ ከተማ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ሥር ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአጋርፋ በኩል የመጡ አንዲት እናት የልጃቸውን ቀን ጥቅምት 30 ብለው ሲናገሩ ጸሐፊው ኮምፒውተሩ አልቀበልም ስላለው 28 ልበለው ብሎ ጠየቃቸው። እናቲቱ አሻፈረኝ አሉ። ልጄ የተወለደው የቦናው ስንዴ ሊታጨድ ሲቃረብ በዚያች ቀን ነው፣ የሌላ ሰው ቀን አልሰጠውም ብለው ወረቀታቸውን ይዘው ወጡ። ጸሐፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እጁ የታሰረው ከሩቅ ሆኖ ቅጹን በሠራው ባለሙያ ነው። ዛሬ 28 የተባለ ልጅ ነገ በትምህርት ቤት ወረቀቱ 30 ሲሆን፣ ሁለቱ ወረቀቶች በተገናኙ ቁጥር ማንነቱን እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ከዚህም የከፋ አለ። ጥቅምት 30 ሲባል ቅጹ ቢያንስ ይጮኻል። ኅዳር 5 ሲባል ግን ምንም ሳይል ይቀበልና ማርች 5 አድርጎ ይመዘግበዋል፤ እውነተኛው ቀን ኖቬምበር 14 ሆኖ ሳለ ማለት ነው። የሚጮኸውን ስሕተት ሰው ያርመዋል፤ ዝም ያለውን ግን ማንም አያየውም። ከዓመታት በኋላ ጡረታ ወይም ውርስ ላይ ብቅ ይላል።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ዛሬ ሰው የሚጠቀምባቸው ዋና ዋና የኢንተርኔት ማሰሻዎች ፋርሳዊውንም፣ ኢትዮጵያዊውንም፣ ሂጅራውንም ቀን አስልተው የማሳየት ችሎታ በውስጣቸው አላቸው። ቀን መቀበል ላይ ግን አብሮ የተሠራው የቀን ሳጥን ለፕሮግራሙ የሚያስረክበው የፈረንጁን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀሪው ሥራ የባለሙያው ነው። አንደኛ፣ ሰው ቀኑን በሚያውቀው አቆጣጠር ይናገር፤ ቅጹም በየትኛው አቆጣጠር እንደሚጠይቅ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ውስጥ ቀኑ በአንድ ተከታታይ የቀን ቁጥር ይቀመጥ፤ ለማሳየት ሲፈለግ ወደ ሦስቱም ይመለሳል። ሰውየው መጀመሪያ የተናገረውም ቃል አብሮ ይቆይ፣ አይጥፋ። ሦስተኛ፣ ሂጅራ ሲባል የቱ ሂጅራ እንደሆነ ይለይ። የጨረቃውም ቢሆን አንድ አይደለም፤ በሳዑዲው ኡሙል ቁራ የሚቆጠረውና በጥንቱ ሰንጠረዥ የሚቆጠረው በአንድ ቀን ሊለያዩ ይችላሉ። አራተኛ፣ የረመዷንና የዒድን ቀን ፕሮግራሙ ራሱ ወስኖ አይዝጋው። በአገራችን ጨረቃ መታየቷን ተከትሎ የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት እስኪያሳውቅ ድረስ ስሌቱ ግምት ነው፤ ማረሚያ ቦታ ይተውለት።

ይህ አራተኛው ነጥብ የዑመር ኸያም ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። እርሱ በዘመኑ ከሁሉ የላቀ አስሊ ሆኖ ሳለ ስሌቱን ከሰማይ በላይ አላደረገም። ለሱልጣን ቢሠራም የሥራው ጥቅም የደረሰው እህሉ ሳይበስል ግብር ለሚጠየቀው ገበሬ ነው። ሊፈታው ያልቻለውንም ለሚመጣው ትውልድ በግልጽ አስተላለፈ።

በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ተቋሞቻችን የኮምፒውተር ትምህርት የምትከታተሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ የመሥሪያ ቤቱን ቅጽ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። የውጭውን ሥራ ቀድቶ ማምጣት ቀላል ነው፤ በጥቅምት 30 የተወለደውን ልጅ ግን ያ ቅጽ አያውቀውም። በጥቅምት 30 እና በጳጉሜን 5 ሳትፈትኑ አንድም ቅጽ ከእጃችሁ አታውጡ። የሰው ቀን አማናህ ነው፤ አማናህ ደግሞ እንደተሰጠ ይመለሳል።

ወላሁ አዕለም።